የሐጃ በጎችና የዲፍላው አጥር

በግ ሞኝ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ይላክልኝ። እኔ ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ ከጥቁር አባይ ዳር ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ በግ አስተምሬ አውቃለሁ። ወላሂ ከሰው ይልቅ እነሱ ቶሎ ይገባቸዋል። ችግሩ አንዳንዴ የሚገባቸው እኛ ልናስተምራቸው የፈለግነው አለመሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ከተማዋ ሰላም ነበረች። የማገለግላቸው ሴት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ የየራሳቸውን ትዳር ይዘው የወጡ አሮጊት ነበሩ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰፈሩ ሐጃ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጃ ነበር የምላቸው። እሳቸው ደስ ሲላቸው “ያ ቢቲ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲናደዱ ደግሞ “አንቺ ሐበሺያ” ይሉኛል። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ስናደድ ምን እላቸው እንደነበር አልናገርም፣ ባማርኛ ስለነበር እሳቸውም አልሰሙኝም።

ሐጃ የሚሳሱላቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ በጎቻቸው ናቸው። ሌላው ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ኩሽናው ድረስ የተተከለው የዲፍላ አጥር ነው። ዲፍላ ካርቱም ውስጥ የትም አለ፤ ዐማራት፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ብትሄዱ ሮዝና ነጭ አበባው ከየቪላው አጥር ላይ ተንዠርግጎ ታያላችሁ። ለዓይን ያምራል፣ ሙቀቱን ይችላል፣ ብዙ ውሃም አይጠይቅም። ቅጠሉ ግን መርዝ ነው። ይህን አጥር የተከሉት የሐጃ ባል ነበሩ። ቤቱን የሠሩ ጊዜ፣ ቧንቧ ሳይገባ፣ ከወንዙ በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ ነው ያጸደቁት። በመጨረሻ ዘመናቸውም ሻያቸውን የሚጠጡት ከዲፍላው ሥር ባለችው ጠፍር አልጋ ላይ ጋደም ብለው ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላም ያቺን አልጋ ከቦታዋ ማንም እንዲያነሣት ሐጃ አይፈቅዱም።

በጎቹ ከዲፍላው ጋር ለዓመታት በሰላም ኖረዋል። አረንጓዴውን ቅጠል አሽትተው ያልፉታል፤ በየጠዋቱ ብርሲም የሚባለው ለምለም መኖ እየታጨደ እየመጣላቸው ምን አቅብጧቸው! ጉዱ የመጣው ለዒድ ግቢው ይመር ተብሎ አጥሩ የተከረከመ ዕለት ነው። የከረከመው ሰውዬ ቅርንጫፉን ግድግዳ ሥር ከምሮ ሄደ። ፀሐይ ሲመታው ጠወለገ፣ ሽታውም ቀነሰ መሰለኝ፣ ከስድስቱ በጎች ሁለቱ እንደ ድርቆሽ ሙልጭ አድርገው በሉት። እኔ ልብስ አጥብ ነበር። ብቅ ስል አንዷ አረፋ ደፍቃ ተጋድማለች፣ ሌላዋ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች። ቢላዋ ይዤ የሚያርድ ወንድ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ስሮጥ ሁለቱም በክት ሆነው ቀሩ። ለዒድ የታሰበው ሥጋ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ከግቢው ወጣ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ልጃቸው መጣ። ዐማራት ቢሮ ያለው፣ እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖር ትልቅ ሰው ነው፤ በየጁምዓው እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ሻዩን እንኳ ሳይቀመጥ እየጠጣ፣ “ዩማ” የሚላቸው እናቱ ላይ ፈረደ።

“ወይ ዲፍላው ይነቀል፣ ወይ በጎቹ ይሸጡ” አለ። “በጎቹ ከተሸጡ ደግሞ ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ዩማ? እኔ ዘንድ ትመጫለሽ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል።”

ሐጃ ባዶ ብርጭቆውን ተቀብለው ሸኙት። መኪናው ከሄደ በኋላ ግን እንደ ሕፃን አለቀሱ።

“የአባቱን የእጅ ተክል ልንቀለው?” አሉኝ። “በጎቼስ ከሄዱ ጠዋት ማን ብዬ ነው የምነሣው? እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው መኪና ሳይ ልዋል?”

ለራሴ አላሰብኩም አልልም፤ የምኖረው እዚያው ግቢ ነው፣ እሳቸው ከሄዱ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ሌላ በር ማንኳኳቴ ነው። የበለጠ የከነከነኝ ግን የእሳቸው ነገር ነው። ቤቱ የእሳቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ፣ ባላቸውን ያስታመሙት እዚያ። አሁን በገዛ ቤታቸው መቅረታቸው በቀሩት አራት በጎች አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

“አብሽሩ ሐጃ፣ ዲፍላ እንዳይበሉ አስተምራቸዋለሁ” አልኳቸው።

“በግ ይማራል እንዴ?”

“ልጅ ጡት ይተው የለ?”

እኛ አገር እናት ልጇን ጡት ስታስጥል እሬት ትቀባለች። ልጁ አንዴ ይቀምስና ፊቱን አጨማዶ፣ አልቅሶ፣ ይተወዋል። እኔም ጡት የጣልኩት በእሬት ነው፤ እናቴ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር። ስለዚህ እሬት ፈልጌ ቆረጥኩ፣ ዝልግልጉን በባልዲ በጠበጥኩት፣ የበግ አፍ እስከሚደርስበት ድረስ አጥሩን ቅጠል በቅጠል ቀባሁት። እጄ መራራ ሆኖ ሰነበተ፣ ዳቦ ስቆርስ እንኳ ይመረኝ ነበር። በጎቹ መጡ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ሐጃ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም ተኮፈስኩ፤ የሰፈሩ የበግ መምህርት እኔ ነኝ አልኩ።

ኩራቴ ዕድሜ አልነበረውም። አቧራ ተነሣ፣ ያ ሰማዩን ቀይ የሚያደርገው የካርቱም አቧራ። አጥሩን ከላይ እስከ ታች አለበሰው። ሐጃ ደግሞ የባላቸው ተክል ቆሸሸ ብለው ቱቦ ይዘው አጠቡት፤ እሬቴም አብሮ ታጠበ። በማግስቱ ነጯን በግ፣ ሁለቱ ሲበሉ አይታ ይሁን አላውቅም፣ ዲፍላ ስትቀነጥስ ደረስኩባት። ጮኼ ከአፏ ነጠቅኳት፤ ጣቴን ነክሳኛለች።

ነጯ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። እናቷ ስትወልዳት ስለሞተች ሐጃ በጡጦ ነው ያሳደጓት። ሲጠሯት ከየትም ትመጣለች፣ ጉልበታቸው ላይ አንገቷን ትጥላለች፣ ዳቦ ከመዳፋቸው ትበላለች። እሷ ብትሞት ኖሮ ልጃቸው መፍረድም አያስፈልገውም ነበር፤ ሐጃ ራሳቸው ልብሳቸውን ጠቅልለው ይሄዱ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጋሼን ያማከርኩት። ጋሼ በፖለቲካ ተሰደው ብዙ ዘመን ካርቱም የኖሩ ያገሬ ሰው ናቸው። የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ካርቱም ግን በወረቀታቸው ሥራ አላገኙበትም፣ ራክሻ ይነዳሉ፣ ያቺን ባለሦስት እግር። ከሱቅ ዐረቢ አስቤዛ ይዤ ስመለስ የሚያመጡኝ እሳቸው ናቸው። የእሬቱን ነገር ስነግራቸው መሪውን ለቀው ሳቁ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዲፍላ እኮ ራሱ መራራ ነው! ምሬት የሚመልሳቸው ቢሆን ኖሮ መቼ ነክተውት?”

“አይሳቁብኝ ጋሼ፣ ይልቅ መንገዱን ይዩ። ምን ላድርግ ታዲያ?”

“በግ ከአፉ አይማርም፣ ከሆዱ ነው የሚማረው። አንድ ነገር በልቶ ሆዱን ካመመው ያን ነገር ሁለተኛ አያየውም። አንቺስ፣ በልተሽው ያስመለሰሽ ነገር የለም?”

ኧረ አለ! እዚያው ሱቅ ዐረቢ የበላሁት የተጠበሰ ዓሣ። እስከ ዛሬ ሽታው ሲመጣ መንገድ እቀይራለሁ።

ዘዴውን ነገሩኝ። በጎቹ ባዶ ሆዳቸውን ያድራሉ። ጠዋት ከዲፍላው የጥፍር ያህል፣ የማይገድላቸውን ያህል ብቻ ይቀምሳሉ። ወዲያው ሆድ የሚያገላብጥ የመድኃኒት ጨው በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ ይጋታሉ። ያማቸዋል፣ ግን ይነሣሉ፤ ያሳመመን ቅጠሉ ነው ብለው ይይዙታል። መጠኑን የሚለካው የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፣ ካልሆነ የሚገድላቸው ጨዉ ራሱ ነው። ስለዚህ ጋሼ እኔው ይዤ እመጣለሁ አሉኝ።

“ብቻ ከቅጠሉ በቀር ምንም አፋቸው እንዳይገባ” አሉ። “ሰማሽኝ? ምንም!”

ለሐጃም እንዳመጣጡ አስረዳኋቸው፤ በጎቹ ዛሬ ጾማቸውን ያድራሉ፣ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ይመጣል አልኳቸው። እሺ አሉ። በጎቹ ሲጮሁ ከአልጋቸው እየተነሡ ወደ በረቱ ቢያዩም ምንም ሳይሰጧቸው አሳደሯቸው።

ጋሼ በጠዋት መጡ። በጎቹ ቅጠላቸውን ቀመሱ፣ ጨዋቸውን ተጋቱ። ጥቂት ቆይቶ ጆሯቸው ወደቀ፣ ጥርሳቸውን አፋጩ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተኙ። ሐጃ “ያ ረብ፣ ያ ረብ” እያሉ ከበረቱ በር አልተነቃነቁም። ከቀትር በኋላ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ውሃም ጠጡ።

በማግስቱ ልንፈትናቸው ወጣን። ጋሼ የዲፍላ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከፊታቸው ጣሉ። ነጯ ቀጥ ብላ መጥታ ልትበላው! ጋሼ ከአፏ ላይ ቀሟት፤ ግራ ገብቷቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ሐጃ ሊያባብሏት ጠጋ ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። ነጯ መዳፋቸውን አሸተተችና ጅብ እንዳየች ፈርጥጣ የበረቱን ጥግ ያዘች። ሦስቱም ተከተሏት።

“ሐጃ” አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ “ትናንት ጠዋት የሰጧቸው ነገር ነበር?”

ሐጃ የቶባቸውን ጫፍ ጨበጡ። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚከናነቡት ልብስ ነው፤ ሐጃ በጫፉ ሁልጊዜ ተምር ይቋጥራሉ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያድሉት።

“ጾመው አደሩ አላችሁ” አሉ። “ጾመኛ በምን ያፈጥራል? አንድ አንድ ተምር ብቻ ነው ያቀመስኳቸው። ፍሬውን አውጥቼ።”

ወይ ጉድ! ለበግ ኢፍጣር! ደሜም ፈላ፣ ሳቄም መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። እኔ ኩሽና ውሃ ሳሞቅ፣ ጋሼ በር ላይ ራክሻቸውን ሲያቆሙ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው በጎቻቸውን አስፈጥረዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በግ ሆዱን ሲያመው የሚጠረጥረው አዲስ የቀመሰውን ነው፤ የዲፍላውን ሽታ ለምደውታል፣ ተምር ግን በዚያ ቤት ለበግ ተሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ በተምሩ ላይ ሆነ። ሐጃ ደግሞ እጃቸውም ልብሳቸውም ተምር ተምር ይሸታል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከበዱን። ሐጃ ወደ በረቱ ሲጠጉ አራቱም ወደ ኋላ ይላሉ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በሎሚ ፈተጉ፣ ቶብ ቀየሩ፤ አዲሱ ቶብ ጫፍ ላይም ወዲያው ተምር ይቋጥራሉ፣ ልማድ ነዋ! ነጯ እኔ የወረወርኩላትን ዳቦ ትበላለች፣ እሳቸውን ግን በሩቅ ቆማ ታያቸዋለች።

“ጠላችኝ” አሉኝ አንድ ቀን። “በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ጠላችኝ።”

“ኧረ ተዉ ሐጃ፣ ተምሩን ነው የጠላችው።”

አልተጽናኑም። ጁምዓም እየቀረበ ነበር፤ ልጃቸው ምን ወሰናችሁ ብሎ መምጣቱ አይቀርም።

ጋሼ ሁለተኛ ሊሞክሩ ሲመጡ እኔ ቀደም ብዬ በቤቱ ያለውን ተምር ሁሉ ሰበሰብኩ፣ ከቶባቸው ጫፍ ያለውን ሳይቀር ፈታሁት። ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ሐጃ ያዙኝ ልቀቁኝ አሉ።

“አንቺ ሐበሺያ፣ በገዛ ቤቴ!”

“አዎ ሐጃ፣ በገዛ ቤትዎ እንዲቀሩ ነው።”

ገብተው በራቸውን ዘጉ፣ ጨዉ እስኪሰጥ ድረስም አልወጡም።

በዚህ ጊዜ ሠራ። በማግስቱ ቅርንጫፍ ስንጥልላቸው አሸተቱ፣ አነጠሱ፣ ሄዱ። እኔ ግን ከእሬቱ ወዲህ መኩራት ትቻለሁ፤ ልጃቸው እስኪያይ ድረስ ቃል አልተነፈስኩም።

ጁምዓ መጣ። ልጃቸው የብርቱካን ካርቶን ይዞላቸው ገባ። ነገሩን ስነግረው ሳቀና “ጠግበው ይሆናል” አለ። እንዲያ ይላል ብዬ ብርሲም ሳልሰጣቸው ነበር ያዋልኩት። ራሱ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ ራሱ ፀሐይ ላይ አጠወለገው፣ ራሱ ከፊታቸው ዘረገፈው። ሐጃ የጠፍር አልጋዋን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። ነጯ ቀድማ መጣች። አፍንጫዋን ቅጠሉ ውስጥ ከተተች። አነጠሰች። ከዚያ ዞር አለችና ያመጣውን የብርቱካን ካርቶን መብላት ጀመረች። ሌሎቹም ካርቶኑን ተሻሙባት፣ ዲፍላውን ረግጠውት እያለፉ።

ልጃቸው ከልቡ ሳቀ። “ኸላስ” አለ፣ በቃ ማለቱ ነው። “ኸላስ ዩማ፣ ቤትሽ ተቀመጪ።”

ሐጃ ቤታቸው ተቀመጡ። ወራት አለፉ፣ ሙቀቱ በረድ አለ፣ ነጯ ወለደች። ግልገሏ ኮቴዋን እየተከተለ በዲፍላው ሥር ያልፋል፤ እናቱ ያልነካችውን አይነካም፣ እኛ ሳናስተምረው። ጋሼ ይህን ሊያዩ ብቻ ራክሻቸውን አቁመው ይገቡ ነበር።

ሐጃ ግን አንድ ነገር አልለቀቁም። በየጠዋቱ ሰግደው ሲያበቁ በጠፍር አልጋዋ ላይ ይቀመጡና መዳፋቸው ላይ አንድ ተምር አድርገው ይዘረጋሉ። ነጯ ትመጣለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ታሸታለች፣ ትመለሳለች። “ቢተዉት ምናለ?” እላቸዋለሁ። “ሥራሽን ሥሪ” ይሉኛል። በነጋታው ደግሞ እንደዚያው።

አንድ ጠዋት ሻይ ሳፈላ ጩኸታቸውን ሰማሁ። የወደቁ መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ወጣሁ። አልወደቁም። መዳፋቸው ባዶ ነው፣ ነጯ ታላምጣለች።

“በላች! ያ ቢቲ፣ ከእጄ በላች!”

እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ! ተቃቀፍን። ነጯ የቶባቸውን ቋጠሮ በአፍንጫዋ እየገፋች ሌላ ትፈልጋለች።

ከዚያ ሁለታችንም ወደ ዲፍላው ዞረን አየን። ተምሩን ከረሳች፣ እሱንስ?

ለጋሼ ደወልኩ። “ሊሆን ይችላል” አሉ። “ሆድም እኮ ይረሳል። አንድ ጊዜ እንደገና ብናሳምማት ይጸናላታል።” ለሐጃ ይህን ስነግራቸው የነጯ ራስ ጉልበታቸው ላይ ነበር። እንደገና ባዶ ሆድ፣ እንደገና ጨው፣ እንደገና የተቆለፈ ተምር። ጆሮዋን ደባበሱ።

“ጋሼሽን መጥረቢያ ይዞ ይምጣ በይው” አሉኝ በመጨረሻ።

“ለምን?”

“ዲፍላውን ይቁረጥልኝ።”

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። “የባለቤትዎ እጅ ነው እኮ ሐጃ” አልኳቸው። ከልጃቸው ጋር የተጣሉበት፣ በግ ያሳመሙበት፣ እኔን ያንከራተቱበት አጥር ነው።

“የተከለው ለጥላ ነው” አሉ። “በጥላው ተቀምጧል፣ ሻዩን ጠጥቷል፣ አላህ ይዘንለትና ሄዷል። እኔ ገና አለሁ።”

ጋሼና አንድ ባለካሮ ቆረጡት። ጭሱም አይበጅም ስለተባለ አላቃጠልነውም፤ አፍንጫችንን አስረን፣ የወደቀች ቅጠል ሳትቀር ጠርገን ጫንነው። ሐጃ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አዩ። አላለቀሱም። ግቢው ግን ራቁቱን ቀረ፣ ፀሐይዋም እስከ በረንዳው ገባች።

ጁምዓ ልጃቸው እንደ ልማዱ የብርቱካን ካርቶን ይዞ ገባና በሩ ላይ ደረቀ። ይነቀል ብሎ የፈረደው እሱ ነበር እኮ! ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ በጉቶዎቹ መሃል ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልወድም፣ ወደ ኩሽናው በር ፈቀቅ አልኩ።

ሐጃ ከጠፍር አልጋዋ ላይ ሆነው ጠሩት። ከቋጠሯቸው አንድ ተምር አወጡ፣ ፍሬውን አስወግደው መዳፋቸውን ዘረጉ። ነጯና ግልገሏ ቀድመው ደረሱ።

“ቆዩ” አሏቸው ሐጃ፣ “ይቺ የእሱ ናት።”

መጥቶ አባቱ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ተቀመጠ፣ ከመዳፋቸው አንሥቶ በላ።